ቅጹ የሰጠን ቅድመ አያት

አባቴ በአባቱ በኩል ሁለት አያት ነበሩት። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አንደኛው እግዚአብሔር የሰጠው ነው። ሁለተኛው ከቀበሌ ቅጽ ላይ የተገኘ ነው። የመጀመሪያውን ዛሬም ድረስ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሁለተኛውን ግን ድሬዳዋ ውስጥ፣ በኛ በከዚራ ሰፈር፣ የማያውቀው አልነበረም።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ይህ የድሮ ተረት ነው። ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠና ፈረስ የወለደው ሁሉ አባቴ አህያ ነው ማለት ጀመረ። ምን ያድርግ? ቀበሌው የሕይወት ታሪክ ሙሉ ብሎ ቅጽ በተነ። አባትህ ማነው፣ አያትህ ማነው፣ መሬት ነበራቸው ወይ፣ ካላቸውስ ስንት ጋሻ? የአባቴ አያት ደግሞ ፊታውራሪ ነበሩ አሉ። አሉ ነው የምላችሁ፤ በቤታችን ስማቸውን ጮክ ብሎ የጠራ የለም። አባቴ ራሱ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ አንድ ክንድ መሬት አልነበረውም። ግን በዚያ ዘመን ሰው በራሱ ጥፋት ብቻ ሳይሆን በአያቱም ይታሰር ነበር።

ስለዚህ ወደ ጋሽ ወልዴ ሄደ። ጋሽ ወልዴ ዛፍ ጥላ ሥር ታይፕራይተራቸውን አስቀምጠው የሰው ማመልከቻ የሚጽፉ አዛውንት ነበሩ። የውርስ ይጽፋሉ፣ የፍቺ ይጽፋሉ፣ ለታሰረ ሰው ምሕረት ይለምናሉ። አባቴን ብዙ አልጠየቁትም። ደስታ ወልደየስ የሚባል ጭሰኛ አያት ጻፉለት፤ ባላባቱ የእርሻ በሬውን ቀምቶት በብስጭት የሞተ። በሬው እንኳ ስም ነበረው፣ ቦራ ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምታችኋል፤ እኛ በሬ ነበረን።

ቅጹ አለፈ። አባቴ ግን እንዳንሳሳትበት ብሎ እኛን ልጆቹን ማስጠናት ያዘ። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከእራት በፊት ጸሎት፣ ከጸሎት በፊት ደስታ። ታናሽ እህቴማ የቦራን ነገር ስትሰማ ታለቅስ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ደርግ ግን አላለፈም። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። እዚያው ትምህርት ቤት ትርሲት የምትባል አስተማሪ ነበረች፤ የሰፈራችን የመጋዘን ሠራተኛ የአቶ ግርማ ልጅ። ሦስት ዓመት ተዋደድን። ስለ ፍቅራችን ብዙ አላወራም፤ አሁንም ያመኛል። ብቻ ሽማግሌ ተላከ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የአባቴ ወዳጅ ጋሽ አብዲ ናቸው፤ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሶማሌ። ሌላው የቀበሌው ሊቀመንበር። እሱን ማን ጠራው? ማንም። ግን ሳይጠሩት ቢቀር ለምን ቀረሁ ብሎ ይጠይቃላ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በደህና አለፈ። በሁለተኛው ቀጠሮ አባቴም ተጠርቶ ዘር ቆጠራ ሆነ። እንደምታውቁት በኛ ወግ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ የሥጋ ዘመድ ከሆኑ ነውር ነው።

የሆነውን ኋላ ጋሽ አብዲ ነገሩኝ። አባቴ ሊቀመንበሩን አየት አደረገና ከራሱ ጀምሮ ቆጠረ፤ መኩሪያ የከበደ፣ ከበደ የደስታ፣ ደስታ የወልደየስ። ይህን ጊዜ አቶ ግርማ አመድ መሰለ። ሊቀመንበሩ የሁሉንም ቅጽ አንብቧል፤ ትዝ አለውና አቶ ግርማን ጠየቀው፤ ያንተስ አባት ኃይሉ የደስታ ወልደየስ ልጅ አይደለም ወይ? በሬውስ ቦራ አልነበረም ወይ? አቶ ግርማ ምን ይበል? አዎ አለ። የሱም አያት ባላባት ኖሯል፣ የሱንም ቅጽ የጻፉት ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ሊቀመንበሩ ተጠራጠረ እንዳትሉ። እንዲያውም እንባው መጣ። ፊውዳሉ የበተናቸው የወንድማማች ልጆች በሱ ቀበሌ ተገናኙ። ተሳሳሙ አላቸው። ተሳሳሙ።

ጋሽ አብዲ እንዲህ አሉኝ፦ «ወሪያ፣ ሁለቱም ውሸታቸውን ነው፣ ልቅሶው ግን የእውነት ነበር። እኛ ጋ ልጅ አሥራ አምስት አያት ሳይተነፍስ ይቆጥራል። እናንተ አያት በታይፕ ትወልዳላችሁ። አቦ፣ አልፈርድም፤ እኔም ሐርጌሳ ያለውን ወንድሜን የለኝም ብዬ ነው የሞላሁት።»

ጋሽ ወልዴ ጋ ሮጥኩ። አንድ አያት ለሁለት ሰው ለምን ሰጡ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የመጀመሪያው ያለ ጥያቄ አለፈ። ያለፈን ነገር ለምን እለውጣለሁ? ደግሞ ሁለት ብቻ መሰለህ እንዴ? አንተ ለአንዲት ሚስት ብለህ ደስታን ብታጋልጥ የሰፈሩ ቅጽ ሁሉ እንደገና ይመረመራል» አሉኝ።

እውነተኛውን አያት ፍለጋ ወጣሁ። ቢያንስ ለሚያጋባን ቄስ ብናገር ብዬ ነው። አባቴን፣ ፊታውራሪው ስማቸው ማን ነበር አልኩት። መስኮቱን ዘጋና፣ ደስታ ነው አለኝ። ለእኔ፣ ለልጁ። ለቄሱ እኮ ነው ስለው፣ ቄሱስ ቅጽ አልሞሉም ወይ አለኝ። በዚያን ቀን አባቴን ጠላሁት፤ ያዘንኩለት ቆይቼ ነው። ካገሩ የመጣ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛም ጠየቅኩ። ለምን ፈለግኸው አለኝና የጀመረውን ሻይ ትቶ ሄደ።

ትርሲት አላለቀሰችም። «አባቴን አሳስሬ ሙሽራ አልሆንም» አለችኝ። ልክ ነበረች። ያንገበገበኝም ልክ መሆኗ ነው።

በዓመቱ ሌላ ሰው አገባት፤ ደህና ሰው፣ ደስታን ከነበሬው የማያውቅ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነውና ቤተሰባችን በሙሉ በሙሽራዋ ወገን ተጠራ። ትርሲት ወንድም የላትም። ሊቀመንበሩ፣ ዘመዷ እያለ በር የሚይዝ ይጠፋል ወይ ብሎ እኔን መረጠ። እምቢ ብል ለምን ይባላል። መልሱ ደግሞ ያው አያታችን ነው።

በር መያዝ ጨዋታ ነው። ሚዜዎቹ ሙሽራውን ይዘው ሲመጡ የሙሽራዋ ወንድሞች አናስገባም ይላሉ። ትንሽ ይገፋፋሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ በሩ ይለቀቃል። እኔም ያዝኩ። ሚዜዎቹ መጀመሪያ እየሳቁ ገፉ። ቆይተው መሳቃቸውን ተዉ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ፣ ሙሽራው ግራ ገብቶት ቆመ። አለቀቅኩም። በመጨረሻ አባቴ ከኋላዬ መጣና ትከሻዬን ይዞ፣ «ልጄ፣ ይበቃል፣ ልቀቅ» አለኝ። ለቀቅኩ።

ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ሊቀመንበሩማ ወደ ሙሽራው ጠጋ ብሎ፣ እህቱን እንዲህ የሚወድ ወንድም በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ነገረው።