የፍሌሚንግደን እሳት ጫሪዎች

በቧንቧ ፍቅር የወደቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። የቶሮንቶ ሐበሻ ሁሉ የየራሱ ልክፍት አለው። አንዱ ቤት መግዛትና መሸጥ ነው፤ ሌላው ከሥራ ሲወጣ ዩቲዩብ ከፍቶ የአገር ቤቱን ሹማምንት ሲሾምና ሲሽር ያመሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ካላጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። በዚህ ማንም አይፈርድም። እኔ ስለ ቧንቧ ማውራት ስጀምር ግን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ባለቤቴ አልማዝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዛሬ እባክህን ቧንቧውን እንዳታነሣብኝ» ብላ ታስምለኛለች። እምላለሁ። ከዚያ አነሣለሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ዊንተር ሲገባ፣ አፍንጫ ቆርጦ በሚጥል ብርድ፣ በፍሌሚንግደን ፓርክ ፎቆች ሥር ሳልፍ ቀና ብዬ አያለሁ፤ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል! ለምን ቢሉ ቤቱ ስለሚያቃጥል ነው። በየፎቁ ምድር ቤት ያረጀ የጋዝ ማሞቂያ ተጎልቶ አንዱን ወገን ይቀቅላል፣ ሌላውን ወገን ይረሳል። የተቀቀለው መስኮቱን ከፍቶ ሰማዩን ያሞቃል፤ የተረሳው ጋቢ በጋቢ ላይ ይደርባል። ጭሱ በጣሪያ ይወጣል። የጋዙ ሒሳብ በበር ይገባል። እንግዲህ ይህ ነው ሥልጣኔ የተባልነው።

የምንኖርበት ፎቅ ኮኦፕ ነው። ባለቤቱ እኛው ነዋሪዎቹ ስለሆንን ትልቅ ትልቁ ነገር የሚወሰነው ተሰብስበን እጅ በማውጣት ነው። የኛ ማሞቂያ ማጣጣር የጀመረ ጊዜ ታዲያ ሰላም የምትባል ወጣት ኢንጂነር ስብሰባችን ላይ መጣች። የኛው ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ እንግሊዝኛ ላይ ተደግፎ የሚሄድ። ያን ቀን የተናገረችው ነገር ነው እንዲህ ያደረገኝ።

እያንዳንዱ ፎቅ የየራሱን ጋዝ ማቃጠሉ ይቅር አለች። ለሰፈሩ በሙሉ አንድ የሙቀት ጣቢያ ይሠራ፤ ከጣቢያው ሙቅ ውሃ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ወደ ትምህርት ቤቱም፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ወደ ፎቆቹም ይዙር። ሙቀቱስ ከየት ይመጣል? ሰው ሻወር ወስዶ፣ ዕቃ አጥቦ፣ ልብስ አጥቦ የሚደፋው ውሃ ለብ እንዳለ ነው ፍሳሽ ውስጥ የሚገባው። ያንን ለብታ ጠልፎ መውሰድ! «የፍሪጃችሁን ጀርባ ነክታችሁ ታውቃላችሁ?» አለችን። «ሙቅ አይደል? ከምግቡ ያወጣውን ሂት ነው በጀርባው የሚጥለው። የኛም ማሽን እንደሱ ነው፤ ከፍሳሹ ሂቱን ያወጣል፣ ለናንተ ይሰጣል። ጋዝ አናቃጥልም፤ ሎው ካርቦን ነው፣ አየሩን ብዙም አይበክልም።»

እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ገላዬን ስታጠብ ገንዘቤን በቧንቧ ስለቅ ኖሬያለሁ! ከወንበሬ ብድግ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አልማዝ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሰላም ግን አንድ ነገር አክላ ነበር፦ የኛ ፎቅ ትልቅ ስለሆነ እኛ ከገባን ቧንቧው በኛ በኩል ይመጣል፤ እምቢ ካልን በሌላ በኩል ይሄዳል። እኛም አዲስ የጋዝ ማሞቂያ ስናባብል ልንኖር ነው። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነበር።

አሁን እትዬ በላይነሽን ላስተዋውቃችሁ። ከጥንት ስደተኞች አንዷ ናቸው፤ ፎቁ ውስጥ ያለን ሐበሾች በሙሉ ዓይናቸውን እያየን ነው እጃችንን የምናወጣው። ደግሞም ከኛ ሁሉ ሙቀት የሚያስፈልጋቸው እሳቸው ናቸው። ቤታቸው በተረሳው ወገን ነው፤ ጉልበታቸው በብርድ ተይዟል። ኦታዋ ያለችው ልጃቸው ገነት «ይህ ቤት ካልተስተካከለ ፋሲካን ውለሽ ወደኔ ትመጫለሽ፣ አለቀ» ብላቸዋለች። ኦታዋ ከኛ እንደሚብስ የማያውቅ የለም፤ ቤቷ ግን ይሞቃል። እትዬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ማኅበራቸውን፣ ኮሪደሩ ላይ የሚቆጡትን ሰው ሁሉ ትተው መሄድ ሞት ነው የሚሆንባቸው። «እዚያ ማንን አውቃለሁ? ቴሌቪዥኑን?» ይላሉ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

ዐቢይ ጾም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ሱፍ ፍትፍት ስንበላ፣ እኔ ምሥራቹን ላበስር ልቤ ቆሟል። አልማዝ በዓይኗ ከለከለችኝ። የት አይቻት!

«ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ?» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ከፍሳሽ!»

የሰው እጅ ሱፍ ፍትፍቱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ከምን ፍሳሽ?» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

«ከሁሉም! ከሻወሩ፣ ከወጥ ቤቱ፣ ከ... ከሁሉም!»

እትዬ ዞር ብለው ግድግዳቸውን አዩ። የእመቤታችን ሥዕል የተሰቀለችው ልክ ከግድግዳው ማሞቂያ በላይ ነው። ሌላው ቦታ ይብስ ስለሚበርዳቸው ጸሎታቸውን የሚያደርሱት እዚያችው ሥር ቆመው ነው። «እንግዲያው ስማኝ ዳኜ» አሉ። «እኔ በጾም እዚህ ቆሜ ስጸልይ፣ ላይኛው ፎቅ ሥጋ የቀቀለበት ድስት የታጠበበት ሙቀት ሊመጣልኝ ነው?»

ጉድ ፈላ። ይህን ያሰበ ኢንጂነር በዓለም ላይ የለም፤ ይህን ሳያስብ የሚያልፍ ሐበሻም የለም። ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ «እውነት ነው እኮ» አለ። ሌላዋ የጀመረችውን ጉርሻ መለሰች።

«እትዬ፣ እምቢ ካሉ እኮ ኦታዋ መሄድዎ ነው!»

«እሄዳለኋ! ረክሼ ከሚሞቀኝ ነጽቼ ቢበርደኝ ይሻለኛል። እኔ እጄን አላነሣም።»

እሳቸው ካላነሡ ማን ያነሣል? ቧንቧዬ ዓይኔ እያየ በሌላ ሰፈር ሲያልፍ ታየኝ። ለአፌ ግን ምን ቅጣት ይበቃዋል? ከጣቢያ ይመጣል ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? አልማዝ ቤት እስክንገባ ጠብቃ የነገረችኝን አልነግራችሁም።

በማግሥቱ ሰላምን ለምኜ እትዬ ቤት አመጣኋት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች፤ እትዬ ወዲያው ወደዷት። ከዚያ አስረዳች። «ማዘር፣ ውሃው ሚክስ አይደረግም። በመሀል ብረት አለ። ፍሳሹ በዚያ በኩል ይሄዳል፣ የእናንተ ክሊን ውሃ በዚህ በኩል። ሂቱ ብቻ ነው የሚያልፈው።»

«ገብቶኛል ልጄ። ውሃው አይነካካም። ሙቀቱ ግን ያው የዚያ ድስት ሙቀት ነው አይደል?»

ሰላም መዋሸት አልቻለችበትም። «አዎ... እሱ ነው» አለች።

«ሰማህ ዳኜ?» አሉኝ፣ እኔ የካድኩ ይመስል።

ሰላም ጭንቅላቷን እያከከች «ይሄን እንኳን አልተማርንም» አለች። ሦስታችንም ዞረን ማሞቂያውን አየነው። እንደ ልማዱ ቀዝቅዟል። በመጨረሻ እትዬ ስልካቸውን አነሡና ሬክስዴል ወደሚኖሩት የንስሐ አባታቸው ደወሉ። አባ ጆሯቸው ስለደከመ ሁሌም በስፒከር ነው የሚያወሩት።

እትዬ ከላይኛው ፎቅ ድስት ጀምረው እስከ እመቤታችን ሥዕል ድረስ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ አባ፣ በክርስትና ስማቸው ጠርተው። «ልጅ ሆነሽ እሳት ጭረሽ ታውቂያለሽ?»

ወጣቶች ካላችሁ ልንገራችሁ። ድሮ በኛ አገር ምድጃው የጠፋበት ቤት ጎረቤት ይልካል፤ የተላከው ልጅ በገል ፍም ይዞ እየሮጠ ይመለሳል፤ በዚያ ፍም እሳት ይያያዛል። እሳት መጫር ማለት እሱ ነው።

«እንዴታ አባቴ! ስንቴ!»

«የማን ቤት?»

«የሁሉንም። የእነ እማማ ዘነብን፣ የእነ ሐጂን...»

«ፍሙን ስትወስጂ፣ ምን ወጥ ተሠራበት ብለሽ ጠይቀሽ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ እትዬ።

«እንግዲያው አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ? ያው ጎረቤት ነው፣ ያው እሳት ነው። ጾሙን በአፍሽና በልብሽ ጹሚው፤ ቧንቧውን ለባለሙያ ተይው።»

ልቤ ቅልጥ አለ። በአውቶቡሴ እየበረርኩ ሄጄ ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ። እትዬ አመስግነው ሊዘጉ ሲሉ አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብቻ... ይኸ ነገር ወደ ሬክስዴልስ የሚመጣው መቼ ነው? ያለሁት ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ይበርደኛል።»

በስብሰባው ዕለት የመጀመሪያዋ እጅ የእትዬ በላይነሽ ነበረች። ያች እጅ ስትወጣ የኛ ረድፍ ሁሉ አብሮ ወጣ፤ አፍጋኑም፣ ሶማሌውም፣ ፊሊፒኖውም ጭምር። በሰፊ ልዩነት አሸነፍን! አዳራሹ ውስጥ እስክስታ መትቻለሁ፤ አላፍርም። እትዬ እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ለገነት ደወሉና «ሙቀቱ እስኪገባ ታገሺኝ» አሏት። ገነት በስንት ልመና ታገሠች። ቁፋሮው ሲጀመር ሌላው ሹፌር መንገድ ተዘጋ ብሎ ሲራገም እኔ በጉድጓዱ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ዝግ እያልኩ እመርቅ ነበር። ተሳፋሪዎቼም ወደዱም ጠሉም ስለ ቧንቧ ብዙ ነገር አውቀዋል።

ሙቀቱ የገባ ቀን እትዬ መዳፋቸውን ማሞቂያው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እፎይ» አሉ። እኔም ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

በገና ዋዜማ ገነት ከኦታዋ መጣች። ቤቱ ሞቋል፤ ይሁን እንጂ ልጅ ልጅ ነውና «ለብቻሽ ከምትሆኚ አሁንም እኔ ጋ ይሻልሻል፤ ዕቃሽን እናሰናዳ» እያለች ገባች። እኔና አልማዝ እንኳን አደረሳችሁ ልንል ሄደን እዚያው ነበርን። እትዬ ወጥ ቤት ቆመው፣ ሙቅ ውሃውን ከፍተው የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ያጥባሉ። ሎሚ፣ ጨው፣ እንደገና ውሃ፤ ደግሞ ሎሚ፣ ደግሞ ውሃ። የሐበሻ እናት ዶሮ ስታጥብ መቼ እንደምታቆም የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ነው።

«እማዬ፣ ውሃው እኮ ከጠራ ቆየ! ምንድነው ይሄ ሁሉ ማፍሰስ?»

እትዬ ቀና እንኳን አላሉም። «ዝም ብሎ የሚፈስ መሰለሽ? ሰው ይሞቅበታል! ላይ ያሉት ሕፃናት፣ ታች ያሉት ሽማግሌ፣ ሁሉም። አሁን እኔ ኦታዋ ብሄድ ይሄ ሁሉ ሕዝብ በምን ሊሞቅ ነው?»

ገነት ወደኔ ዞረች። አዋቂ ነው ብላ ነው፤ እስቲ አንተ ንገራት በሚል ዓይን አየችኝ። የአንድ ዶሮ እጣቢ ለዚያ ሁሉ ሰፈር ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሰላም አስረድታኛለች።

ስለ ቧንቧ ተጠይቄ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልማዝ ምስክሬ ናት።