የአያ ኢያቄም ጆሮ

በዚህች አገር፣ ያለ አንድ ጠርጣሪ ተሳፋሪ የሚንቀሳቀስ ሚኒባስ የለም። ረዳት ሊጎድል ይችላል፤ ተለዋጭ ጎማም ሊጎድል ይችላል፤ እሱ ግን አይጎድልም! ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣል፣ የገባውን ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ይመረምራል፣ ከዚያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ይላል።

የእኛው ክቡር አቶ ኢያቄም ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የእህል መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ልጃቸው በገዛችላቸው ቴሌቪዥን ፊልም ሲያዩ የሚውሉ ሰው ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስንሳፈር ገና ከመነሻው ቦርሳዬን በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው «መጽሐፍ ነው ትላለህ?» አሉኝ። መጽሐፍ ነው አልኳቸው። «እናያለን» አሉ።

መንገዱ እኩሌታ ላይ ናዳ ከፊታችን ወረደ። ሹፌሩ ሙሐዲን ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ከኋላችንም ወረደ! ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ከመስኮቱ ማዶ ጉምና ገደል ነው፣ ስልክ አይሠራም። አሥራ ሁለት ሰዎች ቆርቆሮ ውስጥ ታሸግን።

ይህን ጊዜ የአያ ኢያቄም ዓይን በራ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሏቸዋል። «ይኼንን በፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ!» አሉ። «ሰው አንድ ላይ ሲታገት ጥፋተኛው ምንጊዜም ከመካከል ነው። ያውም ዝምተኛው!»

የሳቅነው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከጋሸና ጀምረው ቆሎ ሲያዘግኑኝ የነበሩት እማማ ውባንቺ ቆሏቸውን ቋጥረው ተቀመጡበት። ሙሐዲን ቁልፉን ነቅሎ ካልሲው ውስጥ ከተተ። እኔም፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ ስልኬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ አጠገቤ ያለውን ዝምተኛ እገላምጥ ጀመር።

ዝምተኛው ሰውአገኝ ይባላል፤ የብልባላ ገበሬ ነው። ጭኑ ላይ በነጠላ ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ቅርጫት ይዟል። ከተነሣን ወዲህ የተናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ሙዚቃውን ቀንሱልኝ» እና «ሽቶ የተቀባ ሰው ካለ ትንሽ ራቅ ይበልልኝ»። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ከቅርጫቱ ድምፅ ተሰማ። እምምምም ይላል።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አሉ አያ ኢያቄም።

«ዕቃ ነው፣ አያ።»

«የምን ዕቃ?»

«ዕቃ።»

በቃ! «ሊፈነዳ ነው!» ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔ አይደለሁም ብዬ ግን አልምልም። «ገደል ይግባ!» ተባለ። በሩ ተከፈተ። ሙሐዲን ቅርጫቱን በአንድ በኩል ያዘ፣ ሰውአገኝ በሌላው።

«ኧረ በቅዱስ ላሊበላ ይዣችኋለሁ!» አለ ሰውአገኝ። «ጎጆዬ የቆመው በዚህ ነው! እሱን ከምትጥሉ እኔን ጣሉኝ!» ምን እንደሆነ ግን አሁንም አይናገርም።

«ቆይ!» አሉ አያ ኢያቄም። «ሳይመረመር የሚጣል ነገር የለም። መጋዘን የጠበቅኩት በከንቱ ነው?»

ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ መስኮቱ ጥግ ስለነበርኩ መሸሻ አጣሁ። እሳቸው ተንበረከኩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጆሯቸውን ቅርጫቱ ላይ ለጠፉ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ወደ ሰውአገኝ ጠጋ ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

«አውራው አብሮ አለ?»

ሰውአገኝ እንባው መጣ። «አለ፣ አያ። ያባቴ ንቦች በጦርነቱ ጊዜ ኮብልለው ቀፎው ባዶውን ተሰቅሏል። እኒህን ለዘር ገዝቼ ነው።»

ንብ! ማር እየላስን ያደግን የላስታ ሰዎች የንብ ድምፅ ጠፋን! ያ ሁሉ ዝምታም ያን ጊዜ ገባኝ። እንደ ሰውአገኝ ያለ ጥንቁቅ ገበሬ የገዛውን ንብ መንገድ ላይ ስሙን አይጠራም፤ ዓይን ከገባበት ቀፎ አይለምድም፣ ጥሎት ይሄዳል ብሎ ይፈራል።

አያ ኢያቄም ተነሡ። ፊልም ቢሆን ኖሮ ምሥጢሩን በአደባባይ የሚዘረግፉበት ሰዓት ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ዕቃ ነው» አሉ።

«ዕቃ?» አሉ እማማ ውባንቺ።

«ዕቃ! በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባበታል።»

እሳቸው ያመኑትን ማን ይጠረጥራል? በሩ ተዘጋ። ጋቢያቸውን አውልቀው ቅርጫቱን አለበሱት፤ ዶዘር መጥቶ መንገዱን እስኪከፍት ድረስ በብርድ እየተንቀጠቀጡ፣ ማንም እንዳይነካው እያንዳንዳችንን በየተራ ሲጠረጥሩ ዋሉ። እማማ ውባንቺም ቋጠሯቸውን ፈቱ፤ መጀመሪያ ያዘገኑት ሰውአገኝን ነበር።

ኅዳር ላይ አያ ኢያቄም ላሊበላ ቤቴ ድረስ መጡ። በእጃቸው ትንሽ ገንቦ ነጭ ማር ይዘዋል። «ያ ዕቃ ለምዷል» አሉኝ። «ሰውአገኝ የላከልን ነው። ቅመስ።»

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ።»

«አንተ ቅደም» አሉ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ቀመስኩ። በሕይወት መኖሬን አይተው እሳቸውም ቀመሱ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ያን ቀን ያልጠረጠረ አልነበረም፤ ጠርጥሮ ጆሮውን ያስጠጋ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። አሁን መኪና ስሳፈር መጀመሪያ የማየው ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ነው። ባዶ ከሆነ እፈራለሁ።