ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ ሻጭ

ተራራ ለመውጣት ምን መያዝ እንደሚያስፈልግ የቸገረው ሰው፣ ተራራ ወጥቶ የማያውቀውን ይጠይቅ። የወጣ ሰው «ውኃ ያዝ» ብሎ ዝም ይላል፤ ያልወጣው ግን ምክሩ አያልቅበትም። እኔ ዕድሜዬን ከሚዛን ጀርባ ቆሜ የኖርኩ ነኝና የምክርን ክብደት አውቃለሁ። በነጻ የሚሰጥ ነገር ሁልጊዜ ከሚሸከሙት በላይ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ ሸራ ጫማ፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ እሸጥ ነበር። አንድ እሑድ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሰበሰበንና፣ ነጋዴውና ባለ እጁ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ መቅረቱን አስረዳን። መድኃኒቱም ሩጫ ነው ተባለ። በሚመጣው እሑድ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተነሥተን፣ ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ ወጥተን፣ ጫፉ ላይ ያለውን ዋርካ ዞረን፣ በባሕር ዛፉ በኩል ወርደን እዚያው እንድንገባ ተወሰነ። ማን ወሰነ? ተወሰነ አልኳችሁ እኮ። ሊቀ መንበሩ ሊቀመጥ ሲል፣ በዚሁ ሩጫ ለአንገር ጉቲን የመንግሥት እርሻ የአረም ዘመቻ ሰው እንደሚመለመል ጨመረ።

ይህን ጊዜ ቤቱ ቀዘቀዘ። አንገር ጉቲን ቆላ ነው፤ ወባው ደግሞ ነጋዴና ገበሬ አይለይም። ባለፈው ዘመቻ የሄደው የሚስቴ ወንድም ተመልሶ ከመጣ ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። እኔ ሱቄን የምትጠብቅ አንዲት ሚስትና ለወባ የማይመች አንድ ጉበት ብቻ ነበረኝ።

ምልመላው እንዴት እንደሚሆን የጠየቀ የለም። ምን ይጠየቃል? «ኋላ ቀርነትን እናጠፋለን» የሚል መፈክር በየግድግዳው ሲያነብ የከረመ ሰው፣ ሩጫ ላይ ኋላ ቢቀር ምን እንደሚጠብቀው አይጠፋውም። ስለዚህ ሁላችንም ላለመቅረት ተዘጋጀን።

መካሪዎቼ መጡ። ሚስቴ ጭኮ ቋጠረችልኝ፤ ጎረቤት ያለው አስተማሪ ለትንፋሽ ይበጃል ብሎ ሎሚ አመጣ። የድሮ ወታደር የሆነው የመጋዘን ዘበኛ፣ ገመድ ያልያዘ ሰው ተራራ ወጣ አይባልም ብሎ ገመድ ሰጠኝ፤ በገመዱ ምን እንደማደርግ ስጠይቀው ግን «ሲደርስ ታውቀዋለህ» አለኝ። እኔ በበኩሌ ጃንጥላ፣ ባትሪና አንድ ፌስታል ካራሜላ ጨመርኩ። የሞላውን ከረጢት በሱቄ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ሚዛኑ ከስኳር ኩንታል ያልተናነሰ ድምፅ አሰማ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ኦቦ ገመቹ ልብስ ሰፊው ከሱቄ ጎን ካለው በረንዳው ተነሥቶ መጣ። ኦቦ ገመቹ መጽሐፍ ቅዱሱን ከመቀሱ ለይቶ የማያስቀምጥ ጴንጤ ነው፤ ለቁም ነገር ሲሆን ደግሞ አማርኛውን ትቶ በኦሮምኛ ይናገራል። «ኦቦ ሸምሱ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቦሩ ኮጳ ኬ ሂን በኢን።»

የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ለመሸጥ ይበቃል፣ ለመኖር ይጎድላል። «ቦሩ» ነገ ነው። «ኬ» ያንተ፣ «ሂን በኢን» አትውጣ ነው። «ኮጴ» ጫማ መሆኑን ደግሞ ለእኔ ማን ይነግረኛል? የምኖረው በእሱ አይደል? እንግዲህ ሰውዬው ነገ በጫማህ አትውጣ ማለቱ ነው አልኩ። ትንሽ ገረመኝ። ግን ሙሴስ ተራራው ላይ ጫማህን አውልቅ ተብሎ የለም? መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሲመክር ምክንያት አለው። «እሺ፣ ኦቦሌሳ!» አልኩት፤ ወንድሜ ማለቴ ነው። እጄን ጨብጦ ደስ ብሎት ሄደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።

እሑድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ዝናብ የጣለበትን ጭቃ ባዶ እግሬን ረግጬ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከባኬ ጃማ ሰፈር መጥቶ ከእኛ ጋር የሚነግድ አንድ ባለ ሻይ ቤት፣ «ጫማውን ለደንበኛ አስቀምጦት ነው!» አለ። ፊሽካው ተነፋ።

ዳገቱ እንደጀመረ ነገሩ ተገለበጠ። ባለ ሸራ ጫማው ሁሉ በጭቃው ይንሸራተት ጀመር። ጫማውን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝና ዞር ብዬ ማየቱ ለንግዴ አይበጅም፤ ዝም ብዬ ሮጥኩ። የእኔ የእግር ጣቶች ጭቃውን እንደ ጭልፊት ጥፍር ይዘውታል። ጭኮውን እየጎረስኩ አቀለልኩት፤ ገመዱን ቁጥቋጦ ላይ ጣልኩት፤ ካራሜላውን መንገድ ዳር ለቆሙ ሰዎች በተንኩት፤ አኳኋኔ እንደ ፖለቲከኛ ሆነ። ጃንጥላው ምርኩዝ ሆነኝ።

ኦቦ ገመቹ ከሯጮቹ ሁሉ ኋላ ቀርቶ ከታች ሁለት እጁን እያወዛወዘ «ኮጳ! ኮጳ!» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁት። ምክሩን መጠበቄን ሊያረጋግጥ ነው ብዬ፣ ቆም አልኩና ባዶ እግሬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ራሱን ያዘ። እኔም በደስታ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ዋርካው ሥር የቆመው የቀበሌ ሰው ለመድረሴ ማስረጃ ቀይ ክር እጄ ላይ አሰረልኝ፤ ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ ወረድኩ። ዘጠነኛ ገባሁ! በሕይወቴ ከዚያ የሚበልጥ ትርፍ አላስታውስም።

ኦቦ ገመቹ መጨረሻ ገባ። እያነከሰ መጣና በአማርኛ ወረደብኝ። ብቻህን አትውጣ አላልኩህም? ጉልበቴ ክፉ ነው፣ ብወድቅ የሚያነሣኝ አንተ ነህ ብዬ እኮ ነው። ኮጳ ማለት ብቻ፣ ኮጴ ማለት ጫማ አይደለም ወይ? ይኸው ልጆቼን በትኜ አንገር ጉቲን ልሄድልህ ነው አለ። ለጫማ የከፈትኩት ጆሮ ጓደኛዬን ቆላ ሊያወርድብኝ ሆነ። የተረፈችኝን ሎሚ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።

ሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ ወጣ። ትግሉ ጠንካሮችን እንደሚፈልግ ተናገረ። ከኋላ የገቡት ይህን አጭር ዙር እንኳ እንዳልቻሉ በተግባር ታይቷል፣ እነሱን ወደ እርሻ መላክ መንግሥትን ለአስታማሚ ወጪ መዳረግ ነው አለ። ከፊት የገቡት ዐሥራ ሁለቱ ግን የቀበሌው ኩራት ናቸውና ማክሰኞ ማለዳ ወደ አንገር ጉቲን ይዘምታሉ።

ማክሰኞ በጭነት መኪናው ላይ ስንወጣ፣ ከኋላ የገቡት ሁሉ ሊሸኙን መጥተው ነበር፤ ኦቦ ገመቹ ከፊት ቆሟል። መኪናው ሲንቀሳቀስ አጨበጨቡልን። በዚያ ዘመን በየስብሰባው ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ፤ ማንም ሳያዝዘው፣ ከልብ የተጨበጨበው ግን እሱ ብቻ ነው።