ለሁለት የተካፈሉት መደብ

ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ስናወራ አንደበታችን አይደክምም። ወረታ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ የሚደናበር ፈረንጅ ብታዩ ከነሻንጣው ቤታችሁ ለማስገባት ትሽቀዳደማላችሁ፤ ጾምም ቢሆን የሚቀመስ አታጡለትም። እኔም እንደ እናንተው ነኝ። ከሩቅ ለመጣ ደግነቴ ወሰን የለውም። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” የምንለው ግን ምሳ እስኪቀርብ ነው።

ላርስ ከሩቅ ነው የመጣው፤ ከሰሜን አውሮፓ፣ ወንጌል ሊሰብከን። ከኛ ቀድሞ የተጠመቀ ሕዝብ ያለ አይመስለንምና በትሕትና አዳመጥነው፤ የተከተለው ግን የለም። አማርኛ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ፋሲካ ሲቃረብ “እንደ እናንተ ማክበር እፈልጋለሁ” ቢለኝ የሰፈራችን ቅርጫ ውስጥ አስገባሁት። በሬውን የሚያርደው የኛ ሰው እስከሆነ ድረስ ማንንም ቅር አላለውም። እንዲያውም ፈረንጅ ያለበት ቅርጫ ብለን ተኩራራን።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ተደልድሎ ሳለ፣ ላርስ ጌጡን አስከትሎ መጣ። ጌጡ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሩዝ የምናጭድበትን ማጭድ፣ ያን ጠዋት በሬውን የበለትንበትን ቢላዋ ሳይቀር የሠራው እሱ ነው። በአንድ ደብር እናስቀድሳለን፣ የንስሐ አባታችንም አንድ ናቸው። ከቀጥቃጭ ጋር ግን ቅርጫ አንገባም፤ ቤቱም አንበላም። አያቶቻችን “ዓይናቸው መጥፎ ነው” ይሉ ነበር። እኛ ተምረናልና እንዲህ አንልም። ዝም ብለን አንበላም።

“ወዳጄ ነው፤ እሱም ይግባ” አለ ላርስ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። የቅርጫው ዳኛ አያ ምናለ የተሳለውን ቢላዋ እንደገና ይስሉ ጀመር።

“መምህር፣ ሰዎቹ ለምን ዝም አሉ?” አለኝ ላርስ።

“መደቡ ሞልቷል” አልኩት። ጌጡ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ። መዋሸቴን አውቋል።

የላርስ ፊት ግን በራ። “እንግዲያው የኔን መደብ ለሁለት እንካፈላለን። ምሳ ደግሞ ጌጡ ቤት ነው፤ አንተም ትመጣለህ።”

“በል እንግዲህ፣ ተወጣዋ!” አሉኝ አያ ምናለ በጆሮዬ።

ብሄድ የሰፈሩ ምላስ አይለቀኝም። ብቀር ለጌጡ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ በገዛ እግሬ መመስከሬ ነው። ሆዴን አመመኝ ልል አሰብኩ፤ ከሁለት ወር ጾም በኋላ በፋሲካ ሆዱን የሚያመው ብዙ ነውና ይታመናል። ብቻ ጌጡ ያየኝ አስተያየት አላስቀምጥ ሲለኝ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ጌጡ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። “ይግቡ መምህር፣ እንኳን አደረሰዎ!” ትሪው ቀርቧል፤ ላርስ ጀምሯል። ለኔ በተዘጋጀው መቀመጫ ፊት ግን፣ ለብቻው፣ ከሱቅ የመጣ ብስኩትና የታሸገ ውኃ ተቀምጧል። ሁለቱም አልተከፈቱም።

“እንዳይቸገሩ ብዬ ነው” አለኝ ጌጡ፣ ላርስ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ይህን ቢቀምሱ አይከፋኝም። መምጣትዎ ይበቃኛል።”

በዕድሜዬ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። እጄን ታጥቤ ወደ ትሪው ተጠጋሁና ጎረስኩ። ጌጡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ላርስ ምንም አልገባውም። ወጡ አቃጥሎት ስለነበር ውኃዬን ከፍቶ ጠጣው።