በግራ ትከሻ ላይ ያለችው አበባ

አንባቢ ሆይ፣ በእጅ የተሳለውን የሚንቅ፣ ያው ሥዕል ከፕሪንተር ሲወጣ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቀበል ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን በየቀኑ ነበር የሚያጋጥመኝ። ቡታጅራ ውስጥ ስካነር ያለኝ እኔ ብቻ በነበርኩበት ዘመን፣ ልብስ ሰፊው ከድር የቀሚስ ንድፉን በእርሳስ እየሳለ ያመጣልኛል፤ እኔ ደግሞ ስካን አድርጌ በኮምፒውተር ቀለም እቀባለሁ።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ንድፍ ይዞ መጣ። ክትፎ በልቶ የሳለው መሆን አለበት፣ የቀሚሱ ግራ ትከሻ ላይ ቅቤ የነካው የአውራ ጣቱ አሻራ አርፏል። ማጥፋት ነበረብኝ። መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ቸኮልኩና ወርቃማ ቀለም ሞላሁበት። ኃጢአቴን አልክድም።

የሙሽራዋ እናት የእርሳሱን ሥዕል "ይሄ የልጅ ሥራ ነው" ብለው ገፍተውት ነበር። ሕትመቱን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

"ኮምፒውተር እኮ እንዲህ ነው! ይቺ ትከሻው ላይ ያለችው ምንድን ናት?"

ከድር እኔን አየ። እኔ ጣራውን አየሁ።

"አበባ ናት፣ እማማ" አልኩ።

"በሉ በጥልፍ ትውጣ። እሷ ከሌለች ቀሚሱን አንረከብም!"

ከድር ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ አውራ ጣቱን በወርቃማ ክር ሲጠልፍ ከረመ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ከወልቂጤ እስከ ቆሼ ያለች ሙሽራ ሁሉ ያቺን አበባ ካላደረግሁ አለች።

አንድ ቀን ከምሳ መልስ ወረቀቱን ዘርግቶ ሊስል ሲል ደረስኩና፣ "ኧረ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!" አልኩት።

ከድር ደነገጠ። "ሥራ ልታስፈታኝ ነው እንዴ?"