የሊቀ ኮተት ማንቆርቆሪያ

ሰው ሁሉ ዕቃን የሚወደው እስከሠራለት ድረስ ነው። በየሰፈሩ ግን ዕቃ ሥራ እስኪፈታ የሚጠብቅ አንድ ጉድ አይጠፋም፤ ማንቆርቆሪያው ሲያፈስ፣ ስኒው ሲሰነጠቅ ያኔ ነው የሚያፈቅረው። እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ላይ ሠዓሊ ከሆነ፣ አንድ ጣሪያ ሥር አብሮት ለሚኖር ዘመድ ፈጣሪ ይሁነው። የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ግን ፈጣሪም የረሳት ይመስላል።

ታናሽ ወንድሟ ሰው አይሥልም፣ ተራራ አይሥልም። ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ድስት፣ አሮጌ ጠርሙስ ብቻ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ደርድሮ መሣል ነው ሥራው። ሰፈሩ «ሊቀ ኮተት» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል፤ እሱም ሹመቱን ያለ ማንገራገር ተቀብሏል። ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት ጥሩ ብርሃን የሚገባበት መስኮት አንድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰፊ ጠረጴዛም አንድ ነው። እሷ ጨርቅ ትቆርጥበታለች፣ እሱ ኮተቱን ይደረድርበታል። ጠቡ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሊቀ ኮተት መንገድ ሲሄድ ፊት ለፊቱን አያይም፤ የሚያየው የቆሻሻ ገንዳ ነው። አንድ ጊዜ የታመሙ አሮጊት ሊጠይቅ ሄዶ፣ ገና «እግዜር ይማርዎ» ሳይል ራስጌያቸው ያለውን ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙስ አየና «ሲያልቅ እንዳይጥሉት» አላቸው። ፍራፍሬ ሻጯ ዘንድማ ፍዳ ነው። አንድ ሎሚ ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት ያገላብጣል፤ ጠባሳ ያለበትን፣ ጎኑ የጠመመውን ይሻል። «ወንድሜ፣ ልትበላው ነው ልታገባው?» ብላዋለች።

ቤት የገባ ሎሚ ደግሞ አይበላም። «እንዳይነካ! ገና አልተጨረሰም!» ይላል። ሎሚው ጠረጴዛው ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ እህቱ ሻይዋን ባዶውን ትጠጣለች።

አንድ ደንብ አለው። ደርድሮ ሲያበቃ፣ ሰው ድንገት ቢያነሳበት ቦታው እንዳይጠፋው የዕቃውን መቀመጫ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል። ጠመኔው የማን ነው? የእህቱ የልብስ ጠመኔ ነዋ!

ባለፈው ረቡዕ ርዕሰ መምህርቷ ለልጇ ምረቃ የምትለብሰውን ሰማያዊ ጨርቅ አመጣች። ዘመድ ከሩቅ የላከላት ነው፣ ስንዝር ትርፍ የለውም። «አደራሽን» ብላ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ የሰው ጨርቅ አበላሽታ አታውቅም፤ ስሟም መተዳደሪያዋም ይኸው ነው። ለክታ፣ አንገቱን አስምራ፣ ዚፕ ልትገዛ ወጣች።

ሊቀ ኮተት ገባ። ሰማያዊውን አየ። ከዚያ ወዲያ ቢጠሩትም አይሰማ። ጎኑ የጎደጎደውን ማንቆርቆሪያ መሀል ጨርቁ ላይ አስቀመጠ፣ ሦስት ሎሚ አስጠጋለት፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ቢያጣ የእህቱን መነጽር ጨመረበት። እንደ ደንቡም የማንቆርቆሪያውን ዙሪያ አሰመረ።

በማግስቱ ልትቆርጥ ስትቀርብ ጨርቁ ላይ ደርድሮ አገኘችውና ተቆጥታ አስነሳችው። ኮተቱን አቅፎ ጓዳ ገባ፣ መነጽሩም አብሮ ሄደ። ፈለገች፣ አጣች፣ ሰዓቱ ሄደባት። «ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን በዳበሳም እቆርጠዋለሁ» አለች። የእሷን ምልክት የማንቆርቆሪያው ቂጥ ጠርጎታል፤ የቀረው የእሱ ክብ ነበር። በዚያው ላይ ቆረጠች።

መነጽሯ ሲገኝ አጥልቃ አየችው። በዚያ አንገት ሁለት ሰው ይገባል።

ደሟ ፈላ። ጠርታ አሳየችው። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀዳዳውን ሲያጤን ቆየና፣ «ቅርጹ ግን ያምራል» አለ።

«አፈር ብላ!» ጮኸች። «ይኼ የሰው አደራ ነው! ስሜ ነው! ሠላሳ ዓመቴን በማንቆርቆሪያ ቂጥ ለክተህ አስቆረጥከኝ! ለሻገተ ሎሚ የምታዝነውን ያህል እንኳ ለእኔ አታዝንም!» ኮተቱን እየታቀፈች አጥሩ ሥር ወረወረችው፤ ጠርሙሱን፣ ድስቱን፣ ማንቆርቆሪያውን። እሱ «እንዳይነካ» እንኳ አላለም።

ጓዳ ገብቶ ኮተቱን የሚደረድርበትን ነጭ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ይህ ጨርቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሣላቸው ሥዕሎች ሁሉ ውስጥ አለ። እጥፋቱ እንዳይጠፋ ታጥቦም ተተኩሶም አያውቅም፤ እሷም አንድ ቀን ልታጥበው ብትል ሳምንት አኩርፏታል።

«ቁረጪው፣ እታለም» አለ።

አጠበችው፣ ተኮሰችው። እጥፋቱ ከካውያው ሥር ሲጠፋ አጠገቧ ቆሞ አየ። ንዴቷ አልበረደም፣ ስለዚህ አልራራችለትም። ከእሱ ሰፊ ነጭ ኮሌታ ቆርጣ ያን ጉድ ሸፈነችበት።

ዓርብ ርዕሰ መምህርቷ ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች። «ውይ፣ ይኼን ኮሌታ ከየት አመጣሽው?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ልቧ መለስ አለ። መልስ ልትፈልግ ወደ መስኮቱ ዘወር ስትል ግን፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ ማንቆርቆሪያውን ጆንያው ውስጥ ሲከት አየች።

«እንዳይነካ!»

የጮኸችው እሷ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ ወጣችና ከእጁ ነጠቀችው። «ገና አልተጨረሰም!» አለችው። ሰውዬው ምኑ እንዳልተጨረሰ አልገባውም።

ሊቀ ኮተት ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ኮተቱ ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ቢያንስ አንዲት «ተባረኪ» አትቀርም ብላ ጠበቀች።

«እታለም» አለ፤ «እጀታው ወደ መስኮቱ ነበር እኮ።»

መቀሷን አነሳች። «አንተን ብሎ ሰው!» አለች። ከዚያ መቀሷን አስቀምጣ እጀታውን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ጠመኔዋን ከኪሷ አውጥታም ዙሪያውን አሰመረችለት።