ጋሽ ግን ዝም ያሉ ጊዜ

በየዘመዱ መሀል ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ምስጋናን ለመንደርደሪያ ብቻ የሚጠቀምባት። ገነት ቢያስገቡት «ጥሩ ነው» ይላል፤ «ግን በሩ ትንሽ ይጠባል።» ክፉ ሰው ቢሆን ሸሽተነው በተገላገልን ነበር። ችግሩ፣ ይወደናል።

የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር መባል የሚገባቸው ክቡር ጋሽ ግን ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጫማ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው፣ የሰፈሩን ጫማ ሁሉ ገልብጠው እያዩ ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ መገልበጡ አልወጣም። የእህታቸው ልጅ የተመረቀች ቀን ኬኩን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ጥሩ ነው፤ ግን ጎኑ ሰርጉዷል» አሉ። አንድ ቀብር ላይ ደግሞ የሬሳ ሣጥኑን ዳበስ አድርገው «እንጨቱ ጥሩ ነው፤ ግን ማጠፊያው ሲጥ ሲጥ ይላል» ብለው፣ ለቀስተኛውን ሁሉ አፉን በመሀረብ አሲያዙት።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር፤ የእህታቸው ልጅ የምታገባበት ጊዜ እስኪደርስ። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። አባቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ባል የሚሆናት ሰው በእሳቸው ፊት ሳይቀርብ አይሆንም። ከዚህ በፊት የቀረበው «ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን የጫማውን ተረከዝ በአንድ ጎን ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያዘነብላል» ተባለ። ወሬው ጆሮው ገባ፤ በዚያው ቀረ። ለዚያኛው ብዙም አላዘነችም። ይህኛውን ትወደዋለች።

ይህኛው ቢራ ጠማቂ ነው። ድሮ ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ከባልደረባው ጋር ሆኖ በትንሽ በትንሹ ይጠምቃል። አጎቷን ለቅዳሜና እሑድ ጋበዛቸው፤ ቅዳሜ ቢራ ቅምሻ፣ ማታ ምግብ ቤት እራት፣ እሑድ እዚያው ምሳ። ለጋሽ ግን ይህ ግብዣ አይባልም፤ ዘመቻ ነው።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ ዓርብ ዕለት፣ ሸሚዛቸውን እየተኮሰች። «ሁለት ቀን ብቻ። ‹ጥሩ ነው› ትልና ዝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም!»

«ነገሩን መሀል መንገድ ላይ ጥዬው?»

«አፍህን በዳቦ ሙላው። በእኔ ሞት!»

በእሷ ሞት ከተባሉ ምን ቀራቸው? እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጋራዡ ታጥቦ፣ ብረት ጋኖቹ ተወልውለው ጠበቋቸው። ቢራው በትንንሽ ብርጭቆ፣ ከነጣው እስከ ጠቆረው ተደርድሮ ቀረበ። የጠማቂው ወዳጆች ገና ሳይውጡት «ግሩም!» «ድንቅ ነው!» ይላሉ። ጋሽ ግን ጥቁሩን ቀመሱ። ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ቂጡን አዩት። ጆሯቸው ቀላ። «ጥሩ…» አሉና ልጅቷን አየት አድርገው «…ነው» ብለው ዳቦ ጎረሱ።

እራት ላይ ሾርባው ቀዝቅዞ መጣ። «ጥሩ ነው።» ዓሣው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። «ጥሩ ነው።» ወንበራቸው ያነክሳል፤ እላዩ ላይ እየተወዛወዙ፣ «ጥሩ ነው።» ዳቦው አልቆ ሌላ መጣ። አስተናጋጇ ሳትቀር ጎንበስ ብላ «አባቴ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለቻቸው።

ልጅቷ እፎይ ልትል ስትል እጮኛዋ ወደ ደጅ ጠራት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አጎትሽ ጠልተውኛል።»

«ኧረ በስማም! ሁሉንም ጥሩ ነው አይደል እንዴ ያሉት?»

«እሱን ነው የምልሽ! ሬሳ ሣጥን እንኳ አልማሩም ያልሽኝ ሰውዬ እኔን ማሩኝ? ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው። የሚጣል ጫማ ማን ይገለብጣል?»

ምን ትበለው? አፋቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ ብትለው፣ በቢራህ አላመንኩም ማለቷ ነው። እጁን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰችው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

እሑድ ምሳው ቀርቦ ማንም ሳይነካው፣ ልጁ ምግብ ቤቱን አስፈቅዶ ያመጣውን ጥቁር ቢራ ከፍቶ ቀዳና ብርጭቆውን ወደ አጎትየው ገፋ አደረገው።

«ጋሼ፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ። ልጅዎን ቢከለክሉኝም ይከልክሉኝ። ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ግን ብርጭቆውን አነሡ፤ ጎንጨት አሉ፤ ወደ ልጅቷ ዞሩ። በረሃ ላይ ምንጭ አይቶ እንዳይጠጣ የተከለከለ ሰው ነው የሚመስሉት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ተናገር አጎቴ» አለች፤ ዓይኗን ጨፍና።

«ጥሩ ነው፤ ግን» አሉ፤ ያቺ ቃል ስትወጣ ትከሻቸው ሁሉ ወረደ። «ግን ዝናብ የመታው ካርቶን ካርቶን ይላል። ሲገባ ሸጋ ነው፤ ሲወርድ የጫማ ሣጥን! የጫማ ሣጥን ሽታ ደግሞ ለእኔ አይነገርም።»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አበቃ፣ አለች ልጅቷ በሆዷ። እጁን ሲያነሣ እየሳቀ ነበር።

«ካርቶን! ተመስገን! ቆርኪ የሚገጥመው ማሽን ከተቀየረ ወዲህ አየር እያስገባ ቢራውን ካርቶን ካርቶን አሰኘው ብዬ ስጮህ፣ ባልደረባዬ ቅዠታም ይለኛል። ወዳጆቼ ግሩም ነው ይሉኛል። ምላሴ ሞተ ብዬ ሥራውን ልተወው ነበር እኮ፣ ጋሼ!»

«ምላስህስ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ግን። «የታመሙት ወዳጆችህ ናቸው።»

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! የጠርሙሱ ወረቀት ተጣሞ ተለጥፏል፤ የጋራዡ መብራት ዓይን ይወጋል፤ የትናንቱ ዓሣ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሁለት ጊዜ ነው የሞተው። ልጁ ወንበሩን ጎትቶ ከጎናቸው ተሻጠ። «ሌላስ፣ ጋሼ? ቀዩስ?» ይላል። «ቀዩማ ተወኝ፣ እሱ ገና ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ነው» ይላሉ። ሁለቱም በሽተኛ እንደከበቡ ሐኪሞች ብርጭቆዋ ላይ አቀረቀሩ።

ልጅቷ ሹካዋን መልሳ አነሣች። የራሷን ሳህን ጥርግ አድርጋ በላች፤ የአጎቷን ሳበች፤ ቀጥሎ የእጮኛዋን። ቀና ብሎ ያያት የለም። ጨርሰው ረስተዋታል። መረሳት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ያወቀችው የዚያን ቀን ነው።